የራሳቸውን የሐኪም ወረቀት ያነበቡት የመምህር ትዕዛዙ ወልደ አማኑኤል የሕይወት ታሪክ

መምህር ትዕዛዙ ከአባታቸው ከአቶ ወልደ አማኑኤል ኃይለ ኢየሱስና ከእናታቸው ከወይዘሮ የትምወርቅ ፈንታ በ1946 ዓ.ም. በመንዝ፣ ከዘመሮ ከፍ ብሎ ባለው የገብስ አገር ተወለዱ። ፊደል ቆጥረው ዳዊት ከደገሙ በኋላ አባታቸው ለክህነት ቢያስቧቸውም እርሳቸው ዘመሮ ትምህርት ቤት ገቡ። ሁለተኛ ደረጃን ደብረ ብርሃን አጠናቀው፣ በመምህርነት ሠልጥነው፣ ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ እንግሊዝኛ አስተማሩ። በ1972 ዓ.ም. ከወይዘሮ እመቤት ጋር ትዳር መሥርተው ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁትን እኔን ልጃቸውን ኮከብንና ታናሽ ወንድሜን ነቢዩን አፍርተዋል።

በመሐል ሜዳ ያስተማሯቸው ሁሉ እንደሚያስታውሱት፣ አባታችን ለመድከምና ለመውደቅ ያሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት አንድ በአንድ ነጥለው ያስተምሩ ነበር። ጨረቃ ስትጎድል «ዌን» ነው። ጥለት ፀሐይ ሲበላው «ፌድ»፣ በግ አንድ ሁለት እያለ ሲያልቅ «ድዊንድል»፣ ጉልበት ሲከዳ «ዊክን» ይባላል። ገበያም መንግሥትም ሲወርድ «ዲክላይን» ነው። «ዲተሪዮሬት» ግን እየባሰበት ለሚሄድ ነገር ብቻ ነው፤ ተማሪ ይህን ቃል ለትንሽ ነገር ከተጠቀመበት ጠመኔያቸውን አስቀምጠው ይቆጡ ነበር።

የሐኪም ወረቀት የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነውና፣ ከሕክምና የተመለሰ ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ወደ ቤታችን ይመጣል። በአገራችን ደግሞ ክፉው ለታማሚው አይነገርም። ስለዚህ አባታችን ታማሚውን ቤት አስቀምጠው፣ ዘመዱን ደጅ ጠርተው፣ የተጻፈውን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይነግሩት ነበር። አንዳንዱ እየተራገመ ይሄዳል። ቆይቶ ግን ይመርቃቸዋል፣ ታማሚውን በጊዜ ለሕክምና አድርሷልና።

በ1994 ዓ.ም. ለአንድ የውጭ ረጂ ድርጅት የሚላክ የትምህርት ሪፖርት በእንግሊዝኛ እንዲጽፉ ታዘዙ። የተማሪው ችሎታ «ዲተሪዮሬት» አድርጓል ብለው ጻፉ። አለቃቸው ቃሉን ለውጠው ትንሽ ዝቅ ብሏል እንዲሉ ጠየቋቸው። አባታችንም «ልጁ ስሙን መጻፍ እያቃተው ትንሽ ነው ብዬ አልፈርምም» አሉ። ለግምገማ ተቀመጡ፤ ሃያ ስድስት ዓመት ያስተማረ ሰው በግማሽ ቀን ትምክህተኛ ተባለ። ያን ቀን በእርሳቸው ላይ እጃቸውን ካወጡት መካከል ዛሬ እዚህ ቆመው የሚያለቅሱ አሉ፤ እግዜር ይይላቸው። አባታችን ሦስት ዓመት ከቤታቸው ተለይተው ወደ መርሐቤቴ ቆላ ተዛወሩ፤ ጤናቸውንም እዚያው ትተው ተመለሱ።

በ2000 ዓ.ም. የካቲት ወር ሆዳቸውን ታመሙ። መጋቢት 18 ቀን ደብረ ብርሃን ወስጄ ያስመረመርኳቸው እኔ ነኝ። ሐኪሙ የታሸገውን ፖስታ የሰጠው ለእኔ ነበር። እኔ ዓለም ከተማ ሒሳብ አስተምራለሁ፤ እንግሊዝኛ አነባለሁ። ነገር ግን በቤታችን ወረቀት የሚያነበው አንድ ሰው ነው። የአባትን ወረቀት ቀድሞ መቅደድ ድፍረት መስሎኝ፣ እቤት ስንደርስ ፖስታውን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። የታማሚን ወረቀት ለታማሚው ሰጠሁ። እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡና «ድካም ነው ይላል፤ ዕረፍት ይበቃዋል» አሉን። እናታችን እሰይ ብለው ስለት ሊያስገቡ ሄዱ።

ያን ሰሞን ነቢዩ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ይዘጋጅ ነበር። አባታችን ማታ ማታ አብረውት እየተቀመጡ ያስጠኑት ነበር። ፈተናው እስኪያልቅ ድረስ አንድ ቀን አመመኝ አላሉም። ባለቀ በአራተኛው ቀን ተኙ፤ ሰኔ 8 ቀን 2000 ዓ.ም. በተወለዱ በ54 ዓመታቸው አረፉ።

ትናንት መገነዣ ነጠላ ስፈልግ ወረቀቱን ከሳጥናቸው ሥር አገኘሁት። «ዲተሪዮሬቲንግ» ይላል። ሳይውል ሳያድር አዲስ አበባ ሄደው ቀዶ ሕክምና ያድርጉ፣ ከዘገዩ አይተርፉም ይላል። ለአለቃ ያላለዘቡትን ቃል ለእኛ አለዘቡት። በአባቴ ተናድጃለሁ፤ የሞተ አይወቀስም ቢባልም ተናድጃለሁ። ከእርሳቸው ይልቅ ግን በራሴ። ነቢዩ ምንም አላወቀም፤ በዚህ ነገር በክፉ ዓይን የሚያየው ሰው እንዳይኖር እለምናለሁ።

መምህር ትዕዛዙ ከባለቤታቸውና ከሁለት ልጆቻቸው ሌላ ቁጥራቸውን እግዚአብሔር የሚያውቀው ተማሪዎች ትተው አልፈዋል። የደከሙበትን የማይረሳ አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ አባቶች ማረፊያ ያድርስልን፤ እናታችንንም ያጽናልን።

ለማጽናናት ወደ ድንኳኑ የምትመጡ ወገኖቻችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔን ግን «አይዞሽ፣ ቀናቸው ደርሶ ነው» አትበሉኝ። ቀናቸው አልደረሰም ነበር።