ልጅሽን ያልቀጡት ሰዎች

ይድረስ እንደ እናት ላሳደግሽኝ ለታላቅ እህቴ፦

እታለም፣ እንዴት ነሽ? እንዴት ከረምሽልኝ? ያ ቀኝ ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ቀስፎ ይይዝሻል? የላክሁልሽን ቅባት እየተቀባሽው ነው ወይስ እንደ ልማድሽ ለጎረቤት አደልሽው? የወጌሻ እህት እያነከሰች ስትሄድ የሚያይ ሰው እኔን ምን ይለኛል? ጋሼስ ሳሉ ለቀቃቸው? ትልቋ ልጅሽ ሥራዋን ለመደችው? ትንሹስ ትምህርቱ ላይ ነው ወይስ አሁንም መስኮት እየሰበረ ነው? ሁላችሁም በያላችሁበት ደህና ሁኑልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ በእግሬ ቆሜ እሄዳለሁ ማለቴ ነው፤ ሌላውን ስታነቢ ትደርሽበታለሽ።

በስልክ ልነግርሽ ስንት ጊዜ አሰብሁ መሰለሽ! ድምፅሽን ስሰማ ግን ወሬ እቀይራለሁ። «ልጄ ለምን ስልክ አያነሳም?» ስትይኝ ስለ ጉልበትሽ እጠይቅሻለሁ። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል ብዬ ቁጭ አልሁ። አንቺም ቁጭ ብለሽ፣ ጋሼ አጠገብሽ ባሉበት አንብቢው። ልጅሽ በሕይወት አለ፣ አካሉም ደህና ነው፤ ልብሽ እንዳይሰቀል ይህን አስቀድሜልሻለሁ። ነገር ግን ከክለቡ ተባርሯል። አሁን ያለው እኔ ክፍል ውስጥ ነው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል።

ሲመጣ እንዴት ያለ ልጅ እንደነበር እኔ አልነግርሽም፣ አንቺ ነሽ ያሳደግሽው። እዚህ ደጋፊው «ሽውታ» ነበር የሚለው። ኳስ እግሩ ስር ከገባች ተከላካዮቹ የሚያዩት ጀርባውን ብቻ ነው። ገና ጢም ሳያበቅል ስታዲየሙ ሁሉ ስሙን ይዘፍን ጀመር። ካምፕ ውስጥ አንድ ክፍል የሚጋራው ከተጠባባቂው በረኛ ጋር ነበር። ይህን ልጅ «መሰላሉ» እንለዋለን፤ አምፖል ለመቀየር ወንበር አያስፈልገውም። ዝምተኛ፣ የሰው ፊት አይቶ የሚረዳ ልጅ ነው። ሽውታ ደክሞት ሲተኛ ካልሲውን ሳይቀር አጥቦ የሚያሰጣለት እሱ ነበር። እኔም ሁለቱን ሳይ፣ እህቴ ልጇን ያለ ወንድም አልላከችውም እያልሁ ደስ ይለኝ ነበር።

የመጀመሪያው ጥፋት በካምፑ ዘበኛ ላይ የተፈጸመው ነው። አባባ እንላቸዋለን፣ ትልቅ ሰው ናቸው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ልጅሽ መጠጥ ቤት የተዋወቃቸውን ጎረምሶች አስከትሎ መጣ። አባባም «የኔ ልጅ፣ አንተ ግባ፣ እንግዳ ግን አይገባም፣ ትእዛዝ ነው» አሉት። በጥፊ መታቸው፣ እታለም። ኮፍያቸው ወልቆ ቦዩ ውስጥ ወደቀ። እኔ የሰው ቁርጭምጭሚት እያሸሁ ነበር፤ ጫጫታውን ሰምቼ ስወጣ ኮፍያቸውን እያራገፉ ደረስሁ።

በቀጥታ አሰልጣኙ ዘንድ ሄድሁ። «የእህቴ ልጅ ነው፣ ግን ለቅዳሜው ጨዋታ እንዳታሰልፈው። እኚህን ሰው በሁሉም ፊት ይቅርታ ይጠይቅ። ከዚያም ጠዋት ጠዋት ከሳቸው ጋር በር ላይ ይቁም፤ የሰው እንጀራ እንዴት እንደሚገኝ ይይ። እንዳታባርረው፣ እንዳትተወውም» አልሁት። አሰልጣኙ ራሱን ነቀነቀ፣ ልክ ነህ አለኝ፣ ወደ ቡድን መሪው ይዞኝ ሄደ። ቡድን መሪው ሳቀብን። «ቅዳሜ በሱ ቦታ አንተ ትገባለህ?» አለኝ። «አንተ እግሩን እሽ፣ ጭንቅላቱን ለኛ ተወው» አለና አሰናበተኝ። አሰልጣኙም ሰዓቱን አይቶ ወደ ሜዳው ሄደ።

በማግስቱ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ይቅርታ አስጠየቁ፤ ያስጠየቁት ግን አባባን ነው። «ልጁን ከጨዋታ በፊት ለምን ታስቆጣዋለህ?» ተባሉ። አባባ ኮፍያቸውን አውልቀው «ይቅርታ የኔ ልጅ» አሉት። ልጅሽን አየሁት፣ አንገቱን ደፋ፣ ጆሮው ቀላ። ያን ቀን ገና የሚያፍር ልጅ ነበር፣ እታለም። የዚያን ጊዜ አንድ ሰው ክንዱን ይዞ «ና፣ የሠራኸውን አስተካክል» ቢለው ኖሮ ያስተካክል ነበር፤ ይህን እስከ ዛሬ አምናለሁ። የያዘው ግን የለም። ቅዳሜ ሁለት ጎል አገባ፣ ነገሩም በዚያው ተዳፈነ። አባባ ብዙ ሳይቆዩ ሥራውን ትተው ሄዱ። በዚያው ሰሞን አንድ ስም የሌለው ተጠባባቂ ልምምድ አርፍዶ መጣ ተብሎ ሻንጣው በር ላይ ተቀመጠለት። ልጆቹ ይህንንም ያንንም አይተዋል። ቅጣት በጥፋት ሳይሆን በጎል እንደሚለካ ከዚያ በላይ ማን ያስተምራቸዋል?

ከዚያ ወዲያ ልጅሽ ልጓሙ ተበጠሰ። ልምምድ ሲቀር አሞት ነው ይሉለታል፤ ሰው ሲሰድብ ወጣት ነው ይሉለታል። እኔ ስመክረው ደግሞ «አጎቴ፣ ቡድን መሪው ራሱ ምንም አላለኝ፣ አንተ ምን ቤት ነህ?» ይለኝ ጀመር። ጭራሽ ቡድን መሪው እሱን ለማስደሰት የራሱን መኪና ቁልፍ ይሰጠው ነበር፤ መንጃ ፈቃድ እንደሌለው እያወቀ።

አንድ እሁድ ከድል በኋላ፣ ከሰዓት ላይ፣ ጠጥቶ መኪናዋን አስነሳ። መሰላሉ ሊያስቀረው ለመነው፣ አልሰማ ሲለው ብቻውን አልተውህም ብሎ አጠገቡ ገባ። ስታዲየሙን አልፈው ብዙም ሳይርቁ ከመብራት ምሰሶ ጋር ተላተሙ። ልጅሽ ግንባሩ ተጭሮ ወጣ። የመሰላሉ እግር ግን ከጉልበቱ በላይና በታች ደቀቀ። ሰው ጠርቶኝ ስደርስ እጄን ዘርግቼ መንካት አቃተኝ። በዚህ ሥራ ስንት ስብራት አይቻለሁ፤ ይህ ግን የኔ እጅ የሚደርስበት አልነበረም።

ሆስፒታል ከሁላችንም ቀድሞ መሰላሉ አልጋ አጠገብ የተቀመጠው ቡድን መሪው ነው። የነገረውን በኋላ ከራሱ ከመሰላሉ ሰማሁ። «መንጃ ፈቃድ ያለህ አንተ ነህ። እኔ ነበርሁ የምነዳው በል፣ ክለቡ እስክትድን ያሳክምሃል። እሱ ነው ካልህ ግን እሱም ይጠፋል፣ አንተም ሜዳ ላይ ትቀራለህ» አለው። ልጁ ምን አማራጭ ነበረው? የተባለውን ለፖሊስ ተናገረ።

ልጅሽ ይህን ያወቀው በማግስቱ ነው። ልምምድ ላይ እንዳለ ጥሎ መጥቶ መታሻው አልጋ ላይ በደረቱ ተደፋና እንደ ሕፃን አለቀሰ። «እኔ ነኝ የነዳሁት አጎቴ» አለኝ። «ተነስና ተናገር» አልሁት። ሄደ፣ እታለም፣ ይህን እወቂልኝ። የልጅሽን እውነት የሚሰማ ጠፋ እንጂ እውነቱን ይዞ ሄዶ ነበር። ቡድን መሪው «አፍህን ዝጋና ጎል አግባ» ብሎ መለሰው።

ጎሉ ግን እምቢ አለ። እግሩ ከበደው፣ ኳስ ትሸሸው ጀመር፣ ስሙን የዘፈነለት ደጋፊ ያፏጭበት ጀመር። መጠጡ ባሰበት። በመጨረሻ አንድ ሰው፣ ልጅሽ የክለቡን ማሊያ እንደለበሰ ብርጭቆ ይዞ ሳለ፣ ፎቶ አነሳውና ፎቶው ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ። ስፖንሰሩ ተቆጣ ተባለ። ወዲያው ክለቡ «ለሥነ ምግባር ቅድሚያ ስለምንሰጥ አሰናብተነዋል» ብሎ አወጀ። የሬዲዮ ጋዜጠኛው ሳይቀር ጎሽ፣ እንዲህ ነው እንጂ አላቸው። ሽማግሌ በጥፊ ሲመታ ዝም አሉት፣ የጓደኛው እግር ሲደቅ ሸሸጉለት፣ በአንዲት ብርጭቆ አባረሩት።

ከተባረረ በኋላ «አሁን ምን ያደርጉኛል? መሰላሉ ዘንድ ውሰደኝ፣ ለፖሊስም እናገራለሁ» አለኝ። እኔም ቢያንስ ይህች ትቅናለት ብዬ ደስ ብሎኝ ይዤው ሄድሁ። መሰላሉ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል፤ ያ ሁሉ ቁመት ወንበር ላይ ታጥፎ ሲታይ ያሳዝናል። ልጅሽ ጉልበቱ ስር ተንበርክኮ እናገራለሁ ሲለው፣ መሰላሉ በድንጋጤ እጁን ያዘው። «በእናትህ፣ እንዳትናገር! ገና አንድ ቀዶ ጥገና ይቀረኛል። ዋሽተሃል ብለው ሕክምናውን ቢተዉት እግሬን አጣለሁ» አለው። አልተቆጣውም፣ አልሰደበውም፤ ብቻ ዝም በልልኝ ብሎ ለመነው። ምነው ሰድቦት በነበረ! ልጅሽ ያችን ቀን ከዚያ ቤት ሲወጣ የሆነ ነገሩ እዚያው ቀረ። ወደ እናትህ ልውሰድህ ስለው «በየትኛው ፊቴ?» አለኝ፣ ከዚያ ወዲህ ቃል አልወጣውም። የማቀርብለትን ሁለት ጉርሻ ቀምሶ ይመልሰዋል። ሐኪም ቤት ወሰድሁት፣ ኪኒን ሰጡት፣ ይተኛበታል፣ ያው ነው።

ያለፈው ሳምንት ደግሞ ቡድን መሪው ኮሪደር ላይ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ምን አለኝ መሰለሽ? «የሽውታ ታናሽ ወንድምም ይጫወታል አሉ፣ ከሱም ይፈጥናል አሉ፤ ለምን አታመጣውም?» ዓይኑን በጨው አጥቧል። ፎጣ ማጣጠፍ ጀመርሁ። እታለም፣ ትንሹን ማንም መጥቶ ቢለምንሽ፣ እኔም ራሴ ተሳስቼ ብለምንሽ፣ እንዳትልኪው። መስኮት ይስበር፣ አንቺ ጋ ይስበር፤ ሲያጠፋ ታለቅሺበታለሽ፣ ቀጥተሽም ታበይዋለሽ።

ምን እናድርግ ብትይኝ አላውቅም። አንቺ ብትመጪ ዓይንሽን ማየት የሚችል አይመስለኝም፣ ባትመጪም ያው ነው። ሥራዬን ልተው አስቤ ነበር፤ ብተወው ደግሞ እሱን የማስጠጋበት ክፍል የለኝም። ጠዋት ጠዋት እሄዳለሁ፣ የልጆች እግር አሻለሁ፣ አዳዲሶቹ ስቀው ያመሰግኑኛል፣ እኔ ቀና ብዬ ፊታቸውን ማየት ትቻለሁ።

ጋሼን ከነሳላቸው ሰላም በይልኝ፤ ቁጣቸውን እኔ ላይ ያውርዱት፣ አንቺን እንዳይናገሩሽ። ትልቋን ሳሚልኝ፤ ይህን ደብዳቤ ካንቺ በኋላ ታንብበው። ለትንሹ «ወንድምህን ትንሽ አሞት ነው» በይው፣ ውሸትም አይደለም። ለእናታችን ምንም እንዳትነግሪያት፤ ጉልበቷን ሳሚልኝ፣ ደህና ነን ብሏል በያት። ሁልጊዜ እዚህ ላይ ስደርስ «ልጅሽም ሰላም ብሎሻል» ብዬ ነበር የምጨርሰው። አሁንም ዞሬ ለእናትህ ምን ልበልልህ አልሁት። ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ሳበ።

ወንድምሽ
ከስታዲየሙ ጀርባ፣ ከኪራይ ክፍሌ
ግንቦት ፲፱ ቀን