አሥር ደቂቃ ለኮንቸርቶዬ

ሞጣ፣ ሰኞ

አሥር ደቂቃ ብቻ! ለፒያኖና ለተማሪዎቼ መሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ የደረስኩት ኮንቸርቶ እኮ ከሃያ ደቂቃ በላይ ነው። ርእሰ መምህራችን አቶ ታምራት ከቢቸና የመጣውን የውድድር ደንብ አነበቡልኝና፣ «ደወሉ ሲደወል ያልጨረሰ ትምህርት ቤት ይሰረዛል» አሉ። ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ውድድሩ ቅዳሜ ነው። ያሸነፈ አዲስ አበባ ይሄዳል። ተማሪዎቼ አብዛኞቹ የዓባይን ድልድይ ተሻግረው አያውቁም፤ ዓመቱን ሙሉ ከትምህርት በኋላ እየቀሩ የለፉት ለዚህ ነው። ስለዚህ ይቆረጣል። እኔ የደረስኩትን እኔ ካልቆረጥኩት ማን ሊቆርጠው?

አቶ ታምራት ወዲያው መላ አገኙ። «መሀል ላይ ብቻሽን የምትጫወችውን አውጪውና ተገላገይ» አሉኝ። ከሁሉ አስበልጬ የምወደውን! ኮንቸርቶ የሚባለው ፒያኖው ብቻውን የሚናገርበት ስላለው ነው ብዬ ተከራከርኩ። «እንዳልሽ ይሁን» ብለው ወጡ። ከዚያ ክፍል አንድ ድምፅ አልነካም።

ማክሰኞ

መግቢያውን በግማሽ ቀነስኩ። ከመሲንቆዎቹ ምልልስ አንዱን አወጣሁ። ዋሽንቱንም አሳጠርኩ፤ ነፊው አዱኛ ቀኑን ሙሉ አኮረፈኝ። ነገ ይለቀዋል።

የሚቀረኝ ከበሮው ነው። እሱን መንካት ትንሽ ፈራሁ።

ረቡዕ

ወረቀት ላይ መቁረጥ ቀላል ነው። ልጆቹ ግን ኖታ አያነቡም፤ ሁሉንም ያጠኑት በጆሮ ነው። ከዚህ ወደዚያ ዝለሉ ስላቸው እጃቸው የለመደውን ይዞ ይነጉዳል። የባሰው ደግሞ ከበሮ መቺው ይርሳው ነው። ይርሳው መርጡለ ማርያም ቅኔ ሲቆጥር ኖሮ ዘግይቶ ነው አስኳላ የገባው፤ ጢሙ ከአቶ ታምራት ጢም ይበልጣል። መሀሉን ተወው ስለው፣ «ፊተኛውን ሳልል ኋለኛውን ከየት አመጣዋለሁ እትዬ?» አለኝ።

ተናድጄ ቤቴ ገባሁ። እራት እየበላሁ መጣልኝ። የሚቆረጥ ነገር የለም፤ አዲስ ዜማ ነው ብዬ ከሀ ጀምሬ አስጠናቸዋለሁ። አሮጌውን ያንጎራጎረ ወዮለት።

ሐሙስ

ሠራ! ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል፣ በአቶ ታምራት ሰዓት። ደግመን ሞከርነው፣ ያው። ብቻዬን የምጫወተውም ሳይነካ! አቶ ታምራት ሰዓታቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ፊቴ «አላልኩዎትም?» ሳይል አልቀረም።

ቢቸና፣ ዓርብ

ፒያኖውን በጤፍ ጆንያ ደግፈን በጭነት መኪና አመጣነው። መንገዱ አንጀቱን አውጥቶታል። ሁለት ቁልፎች ድምፅ አይሰጡም። ግድ የለም፣ የምፈልጋቸው አይደሉም። ልጆቹ የአዲስ አበባ ወሬ እንጂ ሌላ አያወሩም። ነገ እናሸንፋለን።

ቅዳሜ

ተራችን ደረሰ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከፊት የአውራጃው ገዥ፣ ከጎናቸው ካህናቱ። አጀማመራችን ያማረ ነበር። ይርሳው ዝግ ብሎ የሚመታውን ሲጨርስ አንድ መሪጌታ ከወንበራቸው ብድግ አሉና «ይደገም!» አሉ። ቅኔ ቤት ያማረ ነገር ይደገም ይባላል፤ የተባለው ተማሪም ይደግማል እንጂ ሌላ አያውቅም። ይርሳው ደገመ። አፈጠጥኩበት፤ እሱ አንገቱን ደፍቷል። ሲጨርስ አዳራሹ በሙሉ «ይደገም!» አለ። ይርሳው ሠለሰው፤ ሦስተኛ መምታቱ ነው!

ደወል የያዘው ሰውዬ ሰዓቱን ማየት ጀመረ። ቀጥሎ የእኔ ክፍል ነበር። ጣቶቼ እዚያው ላይ ናቸው። አዱኛን አየሁት፤ አመድ መስሏል። እሱም ሰዓቱ ገብቶታል። ያን ጊዜ የራሴን ተውኩትና የመዝጊያውን ዜማ ጀመርኩ። እንዲህ አላጠናንም፤ ግን ሰሙኝ፣ አንድ በአንድ ገቡልኝ። ደወሉ የተደወለው ሕዝቡ ማጨብጨብ ከጀመረ በኋላ ነው።

ከመድረክ ስንወርድ ይርሳው ላይ ጮህኩበት። «መሪጌታ ይደገም ብለውኝ ዝም ልበል?» አለኝ ተገርሞ። ጥፋተኛዋ እኔ መሰልኩ።

እሑድ

አንደኛ! አዱኛ ቆሞ አለቀሰ። ልጆቹ ይርሳውን ተሸክመው ግቢውን አዞሩት።

ዳኛው ውጤቱን ሲናገሩ ከበሮውን አመስግነው አልጠግብ አሉና፣ መጨረሻ ላይ «ፒያኖውም ደህና አጅቧል» አሉ። አጅቧል! ስንት ዓመት የተማርኩት ለማጀብ ነው? በጣም ተናደድኩ።

ከዚያ አንድ ጥግ ተቀምጬ ሙሉውን በሐሳቤ ሰማሁት፤ ከከበሮው በቀጥታ ወደ መዝጊያው። ያምራል። ደግሜ ሰማሁት። ከቀድሞው ይልቅ ያምራል።

አቶ ታምራት ምሳ ላይ፣ «ለአዲስ አበባው ያንቺን ክፍል ትመልሽዋለሽ?» ብለው ጠየቁኝ።

«አስብበታለሁ» አልኳቸው።

አስቤ ጨርሻለሁ።