አንተ ብዬ ስጠራው

የአጁሉ አባት፣ አንተዬ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ሞላ። ደህና ነኝ ብዬ ልጀምርልህ ነበር፤ ግን አንተን ምን ብዬ እዋሽሃለሁ? ልቤ ከቦታው የለም። ልጃችን አጁሉ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ከምትኖርበት ከጎግ መጥታ እኔ ጋ ልትወልድ ተነጋግረን ነበር፤ ዝናቡ ቀደማትና መንገዱ ተቆረጠ። አራት ቀን ሆነ ስልኳ አይሠራም፤ የባሏም አይሠራም። ሰዎች ኔትወርክ ነው ይሉኛል። እሺ፣ ኔትወርክ ይሁን! የመጀመሪያው ፅንስ እንዴት እንደጨነገፈባት ግን እኔና አንተ እናውቃለን።

ቤቱ እንዳለ ነው። የጓሮውን ማንጎ ነፋስ ገነደሰው። ለሕፃኑ አልጋ ቦታ እንዲሆን ብዬ ወንበርህን ወደ በረንዳ አወጣሁት፤ አትቀየመኝ። የሕፃኑንም ልብስ አጥቤ አጣጥፌ ደረደርኩ፤ ደግሞ ፈራሁና ሻንጣ ውስጥ መለስኩት።

የቤተ ክርስቲያን ሴቶች ጸልዪ ይሉኛል። እንዴት ብዬ? አንተ ካረፍክ ወዲህ እግዚአብሔር ራቀብኝ። ማክሰኞ ዕለት ተንበርክኬ አፌን ብከፍት «እርስዎ» ብዬው አረፍኩት! ትዝ ይልሃል፣ በተጋባን ሰሞን ዛሬ የመጸለይ ተራሽ ነው ብለኸኝ «እርስዎ ከፈቀዱልን» ስል ሳቅህ አልቆም ያለው? ይሄማ ጸሎት ሳይሆን ማመልከቻ ነው አልከኝ። ምን ላድርግ፣ እኔ የአኙዋ ልጅ አማርኛን የለመድኩት መዝገብ ቤት ስሠራ፣ ኃላፊዎችን ሳስተናግድ ነው። በቋንቋሽ ጸልዪ ብትለኝም አፍሬ ነበርና፣ ከዚያ ወዲያ ጸሎቱን ለአንተ ተውኩት።

ማክሰኞ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ለካ እውነቴን ነው፤ እግዚአብሔርን የማየው እንደ ኃላፊ ነው። በሩ ተዘግቶ፣ ስብሰባ ላይ ናቸው የተባልኩ ያህል ተሰማኝ። እዚያው እንደተንበረከክሁ ኢየሱስ በወዳጁ መቃብር ፊት ማልቀሱ ትዝ አለኝ። እንደሚያስነሣው እያወቀ አለቀሰ እኮ! እኔ በቆምኩበት የቆመውን፣ እኔ ያለቀስኩትን ያለቀሰውን «እርስዎ» ማለት አቃተኝ። «አንተ» አልኩት። እኔ ልጄ ጋ መድረስ አልቻልኩም፣ አንተ ድረስላት አልኩት።

ድምፅ አልሰማሁም፤ ስልኩም አልጠራም። ጭንቀቱም አልለቀቀኝም። ብቻዬን እንዳልሆንኩ ግን ገባኝ። አንተንም ቢሆን የነጠቀኝ ሳይሆን ያቆየልኝ እሱ ነው ብዬ ማሰብ ጀምሬያለሁ።

ነገ ጠዋት በጎግ መንገድ እስከ አቦቦ የሚሄድ መኪና አለ። ከዚያ ወዲያ ትራክተር ካገኘሁ በትራክተር፣ ካጣሁም በእግሬ እሄዳለሁ። እስክንገናኝ ድረስ አንተን አልረሳህም፤ ስምህን ሳላነሳ የሚመሽ ቀን የለኝም። ሌላ ሰው መቅበር ግን አልችልም። ይህንንም ለእግዚአብሔር በግልጽ ነግሬዋለሁ።