ስድስተኛው ሲሊንደር ሞቷል

ወንድሜ፣

መኪናውን እንዳትገዛው። ጠዋት አንተ ሥራ ከሄድክ በኋላ ሄጄ አየሁት።

የእጮኛህ ወንድም ሞተሩን ቀድሞ አሙቆ ነው የጠበቀኝ። ሌላም መኪና ልታይ ብትሄድ መጀመሪያ ኮፈኑን በእጅህ ዳስስ፤ ከሞቀ ሻጩ የሚደብቀው ነገር አለ። የዘይቱን ክዳን ክፈት። የዚህኛው ውስጡ ወተት የመሰለ አረፋ ይዟል፤ ዘይቱ ውስጥ ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ የካንዴላዎቹን ገመድ ተራ በተራ ንቀል፤ ግን በባዶ እጅህ እንዳትነካው። የደህናው ሲሊንደር ገመድ ሲነቀል ሞተሩ ይንገዳገዳል። የስድስተኛውን ስነቅል ድምፁ ቅንጣት አልተለወጠም።

"ይሄ ሞቷል" አልኩት።

"አንተ ምን ጥልቅ አደረገህ? የሚገዛው እሱ!" ብሎ በጎማ መፍቻ ትከሻዬን አለኝ። ሁለተኛውን ሲሰነዝር ያለመው ጭንቅላቴን ነበር። ገፈተርኩት። እንዳይወድቅ የሞተሩን ጠርዝ ሲይዝ ኮፈኑን በእጁ ላይ ደፋሁበት። የጣቶቹ አጥንት ሲሰበር ሰማሁት።

ከፍቼ ደግሜ ደፋሁበት።

ሁለተኛው አያስፈልግም ነበር።

ፖሊስ ጣቢያ በእግሬ እየሄድኩ ነው፤ አትከተለኝ። ባልዲው ውስጥ ያለው ደም የነካው ሸሚዜ ነው፣ እንዳለ ተወው። ምሳህን ምድጃው ላይ ትቼልሃለሁ።

እጮኛህ መምጣቷ አይቀርም። በሩን ክፈትላት። ብትሰድበኝ፣ ብትረግመኝ ዝም ብለህ ስማት፤ ለእኔ ብለህ እንዳትከራከራት።

እህቱ ናት።