ተስፋዬ ሆኜ የዋልኩበት እሁድ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ከምሽቱ 1 ሰዓት።

ዛሬም ከሰፈሬ አልፌ ወረድኩ። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት አቅቶኝ። «ወ» ጉሮሮዬ ላይ ተቀረቀረች። የለቡ መታጠፊያ አለፈ። አንዲት ሴትዮ እስኪወርዱ ጠብቄ አብሬ ወረድኩ፣ ሃያ ደቂቃ በእግሬ ተመለስኩ። ካንተ ምን እደብቃለሁ ደብተሬ፤ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፣ ተብታባ ነኝ።

ቤት ገብቼ ስልኬን ስከፍት ግን ሌላ ሰው ነኝ። ግሩፑ ላይ ሠላሳ ምናምን ሰዎች ነን። መጀመሪያ ዲዛይን ልንማማር ነበር፤ አሁን ዋናው ሥራችን መቀላለድ ሆኗል። እዚያ ስሜ ቀለሙ ነው። ቀለሙ አንድ ነገር ከጻፈ የሳቅ ምልክት ይደረደራል። ቀለሙ ካልገባ ግሩፑ ቀዘቀዘ ይባላል። ፎቶዬን ያየ የለም። ድምፄን የሰማማ ከየት መጥቶ።

ከግሩፑ ልጆች አንዷ ማህሌት ለብቻዬ መጻፍ ከጀመረች ስምንት ወር ሆናት። የብስራተ ገብርኤል ልጅ ናት። ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምትጽፈው ለእኔ ነው። እውነተኛ ስሜን ስትጠይቀኝ በአካል ስንገናኝ እነግርሻለሁ ብያታለሁ። የምንገናኝ መች መሰለኝ።

ዛሬ አድሚኑ ቢንያም እሁድ በአካል እንተዋወቅ አለ። ሀይሌ ጋርመንት፣ ከምሠራበት ማተሚያ ቤት ማዶ ያለው ካፌ። ማህሌት ወዲያው ትመጣለህ አይደል አለችኝ። እመጣለሁ ብዬ ጻፍኩ። መጻፍ ምን ችግር አለው።

እሁድ፣ ጥቅምት 16። 12 ሰዓት ከሩብ።

ሄድኩ። ሸሚዝ ተኩሼ።

አሥራ አንድ ሆነው ሁለት ጠረጴዛ አጋጥመው ተቀምጠዋል። ማህሌትን ከፎቶዋ ለየኋት። አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ተቀመጥኩ። ቢንያም በየተራ ስማችንን እንናገር፣ ግሩፑ ላይ የምንጠራበትንም ጨምሩ አለ። ከወዲያኛው ጫፍ ተጀመረ። አራት ሰው ቀረኝ። ሦስት። ሁለት። ደረሰኝ።

«ተ... ተ... ተ...»

ዓይኔ ተጨፈነ። አንገቴ ተገተረ። አንዷ ሻይዋን ማማሰል ጀመረች። ቢንያም ክፉ ልጅ አይደለም፣ ሊያግዘኝ ነው።

«ተስፋዬ?» አለኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ። ግሩፑ ላይ ብዙም አትጽፍም መሰለኝ አለ። አሁንም ነቀነቅኩ። ተራው ወደ ማህሌት አለፈ።

ከዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተስፋዬ ሆኜ ተቀመጥኩ። ስለ ቀለሙ አወሩ። የጻፍኩትን እየጠቃቀሱ ሳቁ። አብሬ ሳቅኩ። ማህሌት በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች። የት ደረስክ እያለች ስትጽፍልኝ ስልኬ ኪሴ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። አንዴ ብቻ ወደ እኔ ዞራ ኬክ እንድወስድ ነገረችኝ። ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል፣ ለሕፃን እንደሚነገር። ከዚያ ወንበሯን ወደዚያኛው በኩል አዞረች።

ቤት ስደርስ ይኼ መልእክት ጠበቀኝ፦ «ለምን ቀረህ? አጠገቤ አንድ ልጅ ተቀምጦ ነበር፣ ተስፋዬ የሚባል፣ መናገር የሚያስቸግረው። አንጀቴን በላው። ምን እንደማወራው ጠፍቶኝ ዞሬ ተቀመጥኩ። አንተ ብትኖር ታጫውተው ነበር።»

አሞኝ ነው አልኳት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17። ምሳ ሰዓት።

ለጋሽ ደምሴ ነገርኳቸው። ማ/ቤቱ ውስጥ ወረቀት መቁረጫው ላይ የሚሠሩት ናቸው። ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ጋሽ ደምሴ ቃሌን አይጨርሱልኝም፤ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። ሲያልቅ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጆቹ ተሳሳቱ። ያጸደቅክላቸው ግን አንተ ነህ።»

ከፋኝ። እውነት ስለሆነ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19።

ጻፍኩላት። «ተስፋዬ ያልሽው ልጅ እኔ ነኝ። ስሜ ተመስገን ነው።» ወዲያው አነበበችው። መጻፍ ጀመረች። ተወች። ጀመረች። ተወች። ከዚያ ከኦንላይን ጠፋች።

ዓርብ፣ ጥቅምት 21። 11፡30።

መለሰች። ረጅም ነው። ሁለት ቀን አልቅሳለች። ይቅርታ አምስት ቦታ አለ። አይዞህ ደግሞ ሦስት ቦታ። በስምንት ወር አይዞህ ብላኝ አታውቅም ነበር፤ በቀልድ ስትሰድበኝ ነው የኖረችው። እሁድ ለብቻችን እንገናኝ ትላለች።

እሺ አልኩ። ደግሞ የምነግራት ነገር አለኝ። ዛሬ አንድ ደንበኛ መጣ። ባለፈው የሠርግ ጥሪ ካርድ የሠራንለት ሙሽራ ነው። ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሶ፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ይሁን፣ የሙሽራዋን ስም ብቻ ቀይሩልኝ አለን። ጋሽ ደምሴ መቁረጫውን አጥፍተው ሳቁ። ለማህሌት ልጽፍላት ስልኬን አነሳሁና ተውኩት። ይኼን በአፌ ነው የምነግራት።

እሁድ፣ ጥቅምት 23። ከሰዓት በኋላ።

ብስራተ ገብርኤል፣ ጁስ ቤት። ከቅዳሴ መልስ ነጠላዋን እንደለበሰች መጣች። ገና ከሩቅ «ተመስገን» ብላ ጠራችኝ። ስሜን ከመናገር ልታሳርፈኝ ነው። ሁለት ቀን ሙሉ መስታወት ፊት የተለማመድኩት እሱን ነበር።

ብዙ አወራች። ዝም ማለት ያስፈራታል። የጀመርኩትን ሁሉ እየተቀበለች ትጨርሳለች። «ሥ...» ስል «ሥራ?» ትላለች። ሥዕል ልል ነበር። ስለ ሥራ አወራን።

ከዚያ ስለ ሙሽራው ጀመርኩ። ካርድ አሠራ፣ ወሰደ፣ እስከዚያ ደረስኩ። ግንባሬ አላበው። «ከሦስት ቀን በ... በኋላ ተ... ተመ...»

«ሠርጉ ተሰረዘ?»

ልጀምረው አፌን ከፈትኩ። ዓይኖቿን አየሁ። እኔ ስታገል እሷም አብራ ትታገላለች፤ በቃህ የሚሉ ዓይኖች ናቸው። ራሴን ነቀነቅኩ።

«ያሳዝናል» አለች።

ታክሲ ድረስ ሸኘችኝ። እጄን በሁለት እጇ ያዘች። መልካም ልጅ ናት። መልካም ባትሆን ይቀለኝ ነበር።

12 ሰዓት ላይ ጻፈችልኝ። እንደ ድሮው፣ እየተሳደበች። እኔም እንደ ድሮው መለስኩ። ጨዋታው ሞቀ። የሙሽራውን ነገር ጻፍኩላት፤ ሁለት መስመር ብቻ። ስልኩ በሳቅ ምልክት ተሞላ። ከዚያ ይኼን ጨመረች፦ «ይኼን የመሰለ ነገር ይዘህ ለምን በአካል አልነገርከኝም?»

ስልኩን ገልብጬ አልጋ ላይ አስቀመጥኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24። ጠዋት፣ ማ/ቤት።

አልተቀየምኳትም። ቀለሙን ትወደዋለች፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ቀለሙ ባማረበት ቁጥር እኔ ራሴን መነቅነቅ ብቻ ይቀረኛል።

ከግሩፑ ወጣሁ። ለማህሌት ይኼን ጻፍኩ፦ «ከእንግዲህ በጽሑፍ አልቀልድልሽም። የምሠራው ከዚያ ካፌ ማዶ ያለው ማተሚያ ቤት ነው። ምሳ ሰዓት ነፃ ነኝ። የምነግርሽ ብዙ አለኝ። ብቻ አትጨርሺልኝ፣ ጠብቂኝ።»

ላትመጣ ትችላለች። አውቄ ነው የላኩት።