የአባዬ እጆች

ቅዳሜ፣ መጋቢት 19 ቀን 2018፣ ጆሃንስበርግ

ዛሬ አባዬን የት እንደሚደርሱ ለማወቅ ወፎችን በመረብ እየያዝን ቀለበት ወደምናስርበት ሸምበቆ ዳር ይዣቸው ሄድኩ። ነገ ወደ ሆሳዕና ይመለሳሉ። እዚህ በጋው ስላለቀ ወፎቹም ወደ ሰሜን መሄጃቸው ደርሷል።

ድንቢጥ የምታህል ወፍ ከመረቡ አውጥቼ እግሯ ላይ ቀለበቱን አሰርኩላት። አባዬ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ «እስቲ እኔ ልልቀቃት» አሉኝ።

«ይቅርብዎ አባዬ፣ እጅዎ ይንቀጠቀጣል» አልኳቸው፤ ያውም በሰው ፊት። ወፏን ራሴ ለቀቅኳት። እሳቸው እጃቸውን ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ።

ቡድናችንን የምትመራው ኖምሳ አማርኛ ባትሰማም ነገሩ ገብቷታል። ቆየት ብላ ወደ ጎን ወሰደችኝና፣ «መዳፋቸው ላይ ብታስቀምጪያት እኮ ራሷ ትበር ነበር» አለችኝ። እውነቷን ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር የምናደርገው እንደዚያ ነው።

መኪና ውስጥ ይቅርታ ልጠይቃቸው አስቤ ስለ መንገዱ መጨናነቅ ሳወራ ደረስን። አመሻሽ ላይ ሻንጣቸውን ሲያዘጋጁ ገብቼ ሸሚዛቸውን ላጥፍላቸው ስል፣ «ተይው ልጄ፣ ይሄን እንኳ እችላለሁ» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።