የቤክቱርን ሸሚዝ የወሰደው ውሻ

ውድ ምራቴ ቤጋይም፣

ደብዳቤ በ«ውድ» ይጀመራል ብላ ያስተማረችኝ ጎረቤቴ ካሊፓ ስለሆነች እንዲያ ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ በላይ አትጠብቂ። ስደውል ትዘጊብኛለሽ። ልጄ ኡላርቤክም የሚያናግረኝ ከአንቺ ተደብቆ በሹክሹክታ ነው። ወረቀት ግን አፉን አይዘጉትም። ብትቀዳድጂውም ሌላ እጽፋለሁ፤ ጊዜ ሞልቶኛል፣ እናንተ ናችሁ የሰጣችሁኝ።

ፊደሌ ጠማማ ነው ብለሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ። አባቴ የታመመች እናቴን እንዳስታምም ከትምህርት ቤት ደብቆ አስቀርቶኛል። ፊደል የቆጠርኩት አርጅቼ ነው፤ እሱም የውሻ መድኃኒት ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን ለማንበብ። «አሮጊቷ ለውሻ ብላ ተማሪ ቤት ገባች» ብለሽ ለእህትሽ በስልክ ስትነግሪያት ሰምቼሻለሁ። አዎ ገባሁ። ውሻውን ያሸከማችሁኝ እናንተ አይደላችሁም?

አንቺ ይህን ታሪክ ለሰው ስታወሪ እየዘለልሽ የምታልፊው ብዙ ነው። እኔ ሳልዘል ልጻፈው።

ቤክቱር አርባ ቀኑ ሲሞላ በአርባ ማንኪያ ውሃ አጥበን፣ የመጀመሪያ ሸሚዙን አውልቀን፣ ከረሜላና በዘይት የጠበስነውን ሊጥ፣ ቦርሶክ፣ ቋጥረንበት ቦይኖክ አንገት ላይ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ቦይኖክ ያኔ ገና ጎረምሳ ውሻ ነበር፤ ገላው ጥቁር፣ አንገቱ ነጭ። የሰፈሩ ልጆች እየጮኹ አባረሩት፣ ወንዙ ዳር ያዙት፣ ጣፋጩን ተሻሙ። የልጁ ሕመም ከሸሚዙ ጋር በውሻ አንገት ይሂድለት እንላለን። እናቶቻችንም ብለውታል። ምርቃት ነው፣ ቤጋይም። ለሙሽራ «አሥር ውለጂ» ሲባል አሥር ካልወለደች ማንም አይከሳትም።

ልጁ ስምንት ወር ሲሆነው ትኩሳት ያዘውና እቅፌ ውስጥ ጣለው። ዓይኑ ተገለበጠ፣ ትናንሽ እጆቹ ተንቀጠቀጡ። በዚያው ሳምንት ደገመውና ተወው። በቀጣዩ ብርድ ደግሞ ቦይኖክን በረቱ በር ላይ ጣለው። መጀመሪያ ያየሽው አንቺ ነሽ። የወተቱን ባልዲ ደፍተሽ፣ ልጅሽን አቅፈሽ ወደ እኔ ስትሮጪ ፊትሽ ያበራ ነበር።

«እማማ፣ ወሰደለት።»

«ማን? ምኑን?»

«የቤክቱርን ነዋ። ሸሚዙን ወስዶ የለ? ተመስገን፣ ወደ ውሻው ዞረ።»

ውሻው እዚያ አረፋ ይደፍቃል፣ አንቺ ተመስገን ትያለሽ። አልተቆጣሁሽም፤ የበኩር ልጇ ነው፣ ፈርታ ነው ብዬ።

ከዚያ ገበያ ውስጥ ልብስ ልትሸጡ ቢሽኬክ ከተማ ገባችሁ። ዕቃው ተጭኖ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርገሽ ምን እንዳልሽኝ ታስታውሻለሽ? ራስዎን ይጠብቁ አላልሽም። «እማማ፣ ይሄ ውሻ ከሞተ በሽታው ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። አደራ» ነው ያልሽኝ።

የእንስሳት ሐኪሙ ጄክሼን መጥቶ ሲያየው የተነገረኝን ነገርኩት። አልሳቀብኝም፤ ራሱን ብቻ ነቀነቀ።

«እትዬ ዙራ፣ ይሄ ውሻ ከማንም አልወሰደም። ከእናቱ ነው ያመጣው። ማዶ እረኞቹ ጋ ያለው ወንድሙም ይጥለዋል። እሱ አንገት ላይ ማን ሸሚዝ አሰረ?»

ያንኑ ዕለት ደውዬ ነገርኩሽ። «የበግ ሐኪም ስለ ልጄ ምን አውቆ?» ብለሽ ዘጋሽብኝ።

ስለዚህ አስታመምኩት። ጄክሼን የሰጠኝን ክኒን በቁራጭ የበግ ላት ጠቅልዬ ጠዋት ላም ሳልብ አንዴ፣ ማታ ሳልብ አንዴ አጎርሰዋለሁ። ባንድ ጊዜ ከተቋረጠበት ላይነሳ ይችላል ስላለኝ ስድስት ዓመት ሙሉ ከቤቴ ውጭ አላደርኩም። እህቴ ናሪን ስትሞት በቀትር ደርሼ ሳትቀበር ለማታው ክኒን ተመለስኩ። ልጆቿ እስከ ዛሬ አያናግሩኝም። ለቀብር ተቀምጣ ሻይ እንኳ ያልጠጣች ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። በሙቀቱ ወራት ሰው ሁሉ ከብቱን ይዞ ወደ ላይኛው ግጦሽ ሲወጣ እኔ ባዶ መንደር ውስጥ ከአንድ ውሻ ጋር እቀራለሁ።

ሊጥለው ሲል ይመጣና ግንባሩን ጉልበቴ ላይ አጥብቆ ይጫናል። ያኔ ምድጃው አጠገብ ያለውን ሁሉ አነሳለሁ። መጀመሪያ ሰሞን እናቴ ስታደርግ እንዳየሁት ምላሱን እንዳይውጥ ብዬ የእንጨት ማንኪያ ጥርሱ መሃል ከተትኩ፤ ቆርጥሞት ስንጥሩ አፉን በሳው። ጄክሼን ተቆጣኝ። «ማንኪያውን ለሾርባ ያቆዩት እትዬ። ምላስ ተውጦ አያውቅም። በጎኑ ይተኛ፣ ጭንቅላቱን አይምታ፣ አፉን አይንኩት፤ ሌላ ምንም የለም።» ሲነሳ አያውቀኝም። ግድግዳ ይገጫል፣ እኔኑ ያጉረመርምብኛል። ጥግ ይዤ እስኪያውቀኝ እጠብቃለሁ። ከዚያ ይርበዋል፤ ድስት ቢሰጡት ድስቱን ይበላል።

አንቺ በየሳምንቱ እየደወልሽ የምትጠይቂኝ አንዲት ቃል ነበረች። «አለ?» ትያለሽ። አለ ስልሽ በቃሽ። አንድ ቀን ተናድጄ «እኔም አለሁ» ብልሽ «እሱማ ድምፅዎ ይሰማል» አልሽኝ።

ባለፈው ሙቀት ስትመጡ የልጅ ልጄን ቤቴ አላስገባሽውም። በሽታው ያውቀዋል ብለሽ ካሊፓ ቤት አሳረፍሽው። የገዛ ልጄን ልጅ ያየሁት በአጥር ነው። ቦርሶክ ስዘረጋለት አንቺ ከኋላው ቆመሽ «እማማ፣ ውሻውን ነክተው እጅዎን ታጥበዋል?» አልሽኝ። ታጥቤ ነበር። ልጁ ግን ቦርሶኩን ይዞ እኔን ሳይሆን ከኋላዬ የተኛውን ውሻ ያያል።

«አያቴ፣ የኔን በሽታ የያዘው እሱ ነው?»

«የያዘው የራሱን ነው።»

«እሱ ሲሞት እኔም እሞታለሁ አይደል? እማዬ ነግራኛለች።»

በአንገትጌው ጎትተሽ ወሰድሽው። ያን ማታ የሰባት ዓመት ልጅ ሞቱን አጥር አሻግሮ ሲያይ ስላየሁ እህል አልወረደልኝም። አንቺ ግን ከካሊፓ ጋር ስትስቂ ድምፅሽ እስከ ቤቴ ይሰማ ነበር።

ቅጠል ሲረግፍ ቤክቱርን ትምህርት ቤት ጣለው። አዋቂ ዘንድ ሄድሽ። አርባ አንድ የጥንቆላ ባቄላዋን ዘርግታ «በሽታው ሁለት ቤት ሠርቷል፣ አንዱን አፍርሱ» አለችሽ። ስድስት ዓመት ይኑር ያልሽው ውሻ በአንዲት ከሰዓት ይሙት ሆነ። ባልሽ እንዴት እንደገደለው አልነገረሽም፤ ብትጠይቂውም አይነግርሽም። እኔ ልንገርሽ፤ እንድታውቂው እፈልጋለሁ።

ጠመንጃ ይዞ መጣ። ሻይ ቀዳሁለት፣ አልነካውም።

«እማዬ፣ ጥሪልኝ።»

«ውሻው ያንተ ነው፤ ጥራው።»

ጠራው። ቦይኖክ ከተኛበት ጅራቱን ነቀነቀ እንጂ አልመጣም።

«እማዬ፣ ልጄ ነው። ልጄ እኮ ነው።»

አልታገልኩትም። ልጅ ልጅ ነው፣ ውሻ ውሻ ነው፤ እኔም አያት ነኝ። ግን አልጠራሁለትም። ያን ጊዜ ተነስቶ ከመደርደሪያዬ ላይ የማታውን ላት አነሳ። ቦይኖክ ላቱን ሲያይ ተነሳ። ክኒኑ ከበረታበት ጊዜ ጀምሮ የኋላ እግሩ ይወላገዳል፤ እየተወላገደ፣ ምራቁን እያዝረበረበ ተከተለው። ከዚያች ላት ክፉ አይቶ አያውቅም።

ልጄ ተኮሰ፤ የመጀመሪያው ጥይት ዳሌውን መታው። ውሻው አልሸሸም፤ መሬት ለመሬት እየተጎተተ ወደ እኔ መጣ። ሊጥለው የመጣ መስሎት ይሆናል፣ ግንባሩን ጉልበቴ ላይ ተጫነ። ኡላርቤክ ጠመንጃውን ዝቅ አድርጎ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። «እማዬ ራቂ፣ እባክሽ ራቂ» ይላል። አልራቅኩም። የውሻውን ጆሮ ይዤ «ተኩስ፣ አታመንታ» ያልኩት እኔ ነኝ። ቀሚሴን አሁንም አላጠብኩትም። ስመጣ ታዪዋለሽ።

ሳምንት ሳይሞላ ልጁን በአንድ ቀን ሁለቴ ጣለው።

አሁን ደግሞ አዋቂሽ አዲስ ነገር አግኝታለች አሉ። ለውሻው የሰጠሁት መድኃኒት በሽታውን ቀልቦ አወፈረው፤ ስለዚህ ልጁ መድኃኒት የሚባል እንዳይቀምስ፣ እኔም ደጁ እንዳልደርስ። አንቺም የትምህርት ቤቷ ነርስ ጽፋ የሰጠችሽን የሐኪም መላኪያ ወረቀት ምድጃ ውስጥ ከተትሽው። «ሐኪም ካየው ይመዘገባል፤ ከተመዘገበ መኪና አይነዳም፣ ሚስት አያገኝም» አልሽው ባልሽን። ሰባት ዓመቱ ነው፣ ቤጋይም። ሚስት ከማግኘቱ በፊት ስምንት ይድረስ።

ሲጥለው ደግሞ የብረት ማንኪያ አፉ ውስጥ እየከተትሽ ነው። ገና የበቀለ የፊት ጥርሱን ሰብረሽበታል። ይህን የነገረኝ ባልሽ ነው፤ ስለነገረኝ ብትጣዪው እሱም የእጁን አገኘ። ማንኪያውን አውጪ። በጎኑ አስተኚው። ራሱ ሥር የሚለሰልስ ነገር አድርጊ። ሲነሳ ካላወቀሽ አትጩኺበት፣ እስኪያውቅሽ ጠብቂ። ከዚያ አብዪው። ይህን እኔ ለውሻ አደርገው ነበር፤ አንቺ ለወለድሽው አድርጊ።

ሌላ አንድ ነገር። ውሻው መሞቱን ለቤክቱር ነግራችሁታል? እሱ ሲሞት እኔም እሞታለሁ ብሎ የሚያምን ልጅ ነው። የምትነግሩት አፍ ስለሌላችሁ ጠዋት ጠዋት «አለ?» እያለ ይጠይቃችሁ ይሆናል፤ ካንቺ የተማረው ጥያቄ ነው። አትዋሹት፣ አትንገሩትም። እኔ እነግረዋለሁ። «እሱ ሞተ፣ አንተ ግን አለህ» እለዋለሁ፣ እጄን ሳልታጠብ አቅፌ።

ምክንያቱም ልመጣ ነው። ስድስት ዓመት ከዚህ ደጅ ያላንቀሳቀሰኝን ነገር በገዛ እጃችሁ አንስታችሁልኛል። ላሟን ለካሊፓ አስረክቤያለሁ። ከእንግዲህ ማታ የሚጠብቀኝ የለም፣ የፈለግሁበት አድራለሁ። ይህ ደብዳቤ በሚኒባሱ ሹፌር እጅ ቀድሞኝ ይደርስሻል፤ እኔ ሐሙስ ጠዋት እደርሳለሁ። ልጁን ይዤ የሕፃናት የነርቭ ሐኪም ዘንድ እሄዳለሁ። ጄክሼን የት እንዳሉ ጠይቆልኛል።

በሩን እንደማትከፍቺልኝ ገምቻለሁ። አትክፈቺ፤ አላንኳኳም፣ አልጮህም። ደረጃው ላይ መሃረቤን አንጥፌ እቀመጣለሁ። ለጎረቤቶችሽ «ጉንፋን ይዞት ነው» ያልሻቸውን ሰምቻለሁ። የሚወጣውንም የሚወርደውንም ሰላም ብዬ ልጅሽ ምን እንዳለበት፣ ጥርሱን ምን እንደሰበረው አንድ በአንድ እነግራለሁ። ሰው ሲሰለቸኝ ገበያ ወርጄ ከሱቅሽ ፊት እቀመጣለሁ። እህቴን ሳልቀብር የተመለስኩ ሴት ነኝ፤ ማፈር ከተውኩ ቆይቻለሁ። አንቺ ግን ከአላህ ይልቅ ጎረቤት ትፈሪያለሽ። እንግዲህ አንድ ሐኪም ይወቅ ወይስ ሕንፃው በሙሉ፣ ምርጫው ያንቺ ነው።

እስከ ሐሙስ ደህና ሁኚ። ልጁ ጫማውን አድርጎ ይጠብቀኝ።

የባልሽ እናት
ዙራ